የመጀመሪያውን ጠመንጃ ስለመምረጥ፦ ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዒላማ ተኩስ መማር፣ ውሎ አድሮም በሕጋዊ መንገድ አደን መሞከር እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ተኩሼ አላውቅም። አባቴ ካረፈ ወዲህ፣ ከአያቴ የወረሰው ቤልጅግ ምንሽር ሐረር ባለው ቤታችን ተቀምጧል። አጎቴ በእሱ ጀምር ይለኛል። አንድ ወዳጄ ክላሽ ይሻልሃል፣ ጥይቱም ከገበያ አይጠፋም ይላል። ሌላው ደግሞ ለአደን ትልቅ ካሊበር ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን ብሎኛል። የመጀመሪያ ጠመንጃዬ የቱ ይሁን?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም መካሪዎችህ ለአንተ አስበው የተናገሩ ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም የመከሩት ተኩስ የሚችልን ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ገና ተማሪ ነህ። ለተማሪ የሚሆነው ጠመንጃ በአንድ ጠዋት ሃምሳ ጊዜ ተኩሶ ሃምሳ አንደኛውን ሳይፈራ የሚተኩስበት፣ ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ ሊያገኝለት የሚችል፣ ከክንዱና ከትከሻው ልክ ጋር የሚስማማ፣ ስሕተቱንም ሳይሸፍን የሚያሳየው ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል ተኩስ ሳስተምር ይህን ሁሉ አሟልቶ ያገኘሁት በአንድ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም 22 ካሊበር (ካሊበር የጥይት ውፍረት መለኪያ ነው) የሚባለውና ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚጎርሰው ቀላል ጠመንጃ ነው። ምክንያቴን የመካሪዎችህን ሐሳብ በየተራ እየመዘንኩ አስረዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የፈቃዱ ጉዳይ መቅደም አለበት።

በአገራችን የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ማለትም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ነው። ሥልጣን ከተሰጠው አካል ፈቃድ ሳይገኝ ጠመንጃ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በወንጀል ያስጠይቃል። አደን ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ የመሣሪያ ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው በዚያ ብቻ አዳኝ አይሆንም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 አደንን የሚፈቅዱት ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች፣ በፈቃዱ ላይ ለተጻፈው የእንስሳ ዓይነትና ቁጥር ብቻ ነው። ይህን አጥብቄ የምነግርህ በአካባቢያችን «ባቢሌ ወረድ ብሎ ጅግራ መምታት» እንደ ቀላል ነገር ሲወራ ስለምሰማ ነው። ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ የተንጣለለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመና 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ጥብቅ ስፍራ ነው፤ በውስጡ ዝሆን ብቻ ሳይሆን ጅግራውም ቆቁም ጥንቸሉም የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ወደ ፖሊስ ሄደህ፣ ዓላማህ ዒላማ ተኩስ መሆኑን በጽሑፍ አመልክተህ፣ የትኛው ዓይነት መሣሪያ በየትኛው ፈቃድ እንደሚያዝና የት ቦታ መተኮስ እንደሚፈቀድልህ መልሱን በወረቀት ተቀበል። ጠመንጃውን አስቀድሞ ገዝቶ ፈቃዱን ኋላ መፈለግ፣ በቅን ልቦና የተነሣን ሰው እንኳ ወንጀለኛ አድርጎ ያቆመዋል።

ከጥያቄህ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የአባትህ ጠመንጃ ነው፤ በሐረርም በድሬዳዋም ግድግዳው ላይ ወይም ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅርስ የሌለበት የቀድሞ ሰው ቤት ጥቂት ነውና። በመጀመሪያ ስሙን እንለየው። «ቤልጅግ ምንሽር» ብለህ ሁለት ስም አጣምረሃል። ምንሽር የሚለው ቃል ማንሊኸር ከሚባለው ጠመንጃ ስም የመጣ ነው፤ ውጅግራም እንዲሁ ፊውዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ወጥቶ በአማርኛ የሰፈረ ነው። ቤልጅግ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ ፋብሪካ የተገዛው ማውዘር ነው፤ የእሱ ጥይት 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ግን ሰው በእጅ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ስለሚለው፣ ስሙ ስለ ጥይቱ ምንም አያስረዳም። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማንሊኸር ዓይነቶችም እርስ በርሳቸው የተለያየ ጥይት የሚጎርሱ ናቸው። «ጥይቱ ልክ ገባ» ማለት የዚያ ጠመንጃ ጥይት ነው ማለት አይደለም፤ ሊጎርስ የሚችል ግን የዚያ ጠመንጃ ያልሆነ ጥይት በርሜሉን ከተኳሹ ፊት አጠገብ ሊያፈነዳው ይችላል።

ጥይቱ ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ጠመንጃው የሦስት ትውልድ ዕድሜ አለው። ጥይቱን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው መዝጊያ በዓመታት ብዛት ሲበላ በእሱና በቀለሁ ግርጌ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ በተኩሱ ቅጽበት ይቀደድና የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን ይመጣል። ይህን ክፍተት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለካው በመለኪያ ነው። ሌላም አለ። የድሮ የጦር ሜዳ ጥይቶች መለኮሻቸው ከተኩስ በኋላ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ያ ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟውም፤ የሚያጥበው የፈላ ውኃ ነው፤ ብዙ አባቶቻችን ግን ጠመንጃቸውን በዘይትና በቅቤ ብቻ እየወለወሉ ያኖሩ ስለነበር፣ ከውጭ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጠመንጃ በርሜሉ ውስጥ ተቦርቡሮ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ በአባትህ ወይም በአያትህ ስም የነበረ ወረቀት ከቤቱና ከዕቃው ጋር አብሮ ለአንተ አይተላለፍም። ጠመንጃውን ይዘህ በደንገጎ መንገድ ወደ ድሬዳዋ እንዳትወርድ፤ ይዘህም ፖሊስ ጣቢያ አትሂድ። መጀመሪያ አንተው ባዶ እጅህን፣ የአባትህን የሞት ማስረጃና ካለ የቀድሞውን የፈቃድ ወረቀት ይዘህ ወደ ሐረር ፖሊስ ሂድ፤ ጠመንጃው እንዴትና በማን እንደሚቀርብ እነሱ ይንገሩህ። ሕጉ በስምህ እንድትይዘው ከፈቀደልህ ለትዝታ ይኑር፤ ካልፈቀደልህም ማስረከብ የአባትህን ስም አያጎድፍም። ያም ሆነ ይህ ሥራውን የሚያውቅ የመሣሪያ ጠጋኝ ለክቶ «ይተኮሳል» ሳይልህ አንዲት ጥይት እንዳታጎርሰው እለምንሃለሁ። ተኩስን መማሪያ ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ምክንያቱን ከታች ስለ ርግጫ፣ ማለትም ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻን ወደ ኋላ ስለሚመታበት ግፊት፣ ስናገር ታገኘዋለህ።

ስለ ክላሽ የምናገረው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተነደፈ የወታደር መሣሪያ ነው፤ ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፤ አንዱ በተተኮሰ ቅጽበት ሌላው ራሱን አጉርሶ ይጠብቃል። ለጀማሪ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል፤ በርሜሉ ውስጥ ግን አንድ ጥይት ቀርታለች። ባረቀበት የሚባለው አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ ሌላ ተራ ክላሽ በ100 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይበትናል፤ ጥይትህ ከመሐል ሲርቅ ጥፋቱ የአንተ ይሁን የመሣሪያው ማወቅ ስለማትችል ትምህርቱ ይቆማል። ወዳጅህ «ጥይቱ ከገበያ አይጠፋም» ያለውን ደግሞ በጥሞና አስበው፤ ያለ ወረቀት የሚገኝ ጥይት የተትረፈረፈ መሆኑ ለአንተ ጥቅም ሳይሆን ወጥመድ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ካሊበርና ወደ ርግጫው ልምጣ፤ ጀማሪ ሲበላሽ የማየው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነውና። የጥይትን ጉልበት በጁል እንለካዋለን። የ22 ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 150 ጁል፣ የክላሽ ጥይት ወደ 2,000 ጁል፣ የአባትህ ማውዘር 7.92 ጥይት ደግሞ 3,500 ጁል ገደማ ይይዛል። ለጎሽና ለመሳሰለው አደገኛ አውሬ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀው 375 ካሊበር ከዚህም ይበልጣል። ይህ ጉልበት ወደ ፊት ሲሄድ የዚያኑ ያህል ግፊት ወደ ትከሻህ ይመለሳል፤ ድምፁም ከፊትህ ይፈነዳል። ሰውነት ደግሞ የተመታበትን አይረሳም። ከሁለትና ከሦስት ተኩስ በኋላ ጣትህ ምላጩን መሳብ ስትጀምር ዓይንህ ይጨፈናል፤ ትከሻህ ወደ ፊት ይገፋል፤ እጅህ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫናል። ይህን የምታደርገው ሳታውቅ ነው፤ ጠመንጃው ስለሚራገጥ እንቅስቃሴህ በርግጫው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ አንተም «ማነጣጠሪያው ጠማማ ነው» ትላለህ።

እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ወጣት ሳለሁ በአንድ ከባድ ማውዘር ተኩስ ጀምሬ ለሁለት ወር ያህል ጥይቴ ሁሉ ከዒላማው በታችና በግራ ሲያርፍ፣ የፊት ማነጣጠሪያውን በመዶሻ እስከማስመታት ደርሻለሁ። ያስተማረኝ አዛውንት በመጨረሻ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብሎ ፊቱን አዙሮ አጎረሰና መለሰልኝ። ምላጩን ስስብ የተሰማው «ቀጭ» ብቻ ነበር፤ የተኮሰ ባዶ ቀለህ ነበር ያጎረሰልኝ። አፈሙዙ ግን ርግጫ በሌለበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ሲወርድ እኔም አየሁት፣ አጠገቤ የቆሙትም አዩት። ያንን ልማድ ከሰውነቴ ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያወጣሁትም በሌላ በምንም ሳይሆን በ22 ካሊበር ነው። በልማድ የገባ ፍርሃት በምክር አይወጣም፤ ሺህ ጊዜ ሳይራገጥህ በመተኮስ ይወጣል። ከመጀመሪያው እንዳይገባ ማድረግ ደግሞ ከማስወጣት እጅግ ይቀላል፤ ምክሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

22 ካሊበር፣ በሙሉ ስሙ 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው ጥይት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ሐረር ከተማ ነጋዴ ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ያቀረበበት ዓመት ማለት ነው። በዚያ ጭነት ውስጥ የነበሩት ጠመንጃዎች ዛሬ ሙዚየም ሲገቡ፣ ይህ ትንሽ ጥይት እስከ ዛሬ ድረስ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር ይተኮሳል። የእርሳሱ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 2.6 ግራም ያህል ነው። ርግጫው ለትከሻ የማይሰማ ስለሆነ በተኩሱ ቅጽበት ዓይንህ ሳይጨፈን ማነጣጠሪያው የት እንደነበረ ታያለህ፤ ጥይቱ ሳያርፍ የት እንደሚያርፍ መናገር የምትችልበት ደረጃ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደግሞም ጥይቱ ቀርፋፋ በመሆኑ በበርሜሉ ውስጥ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ ምላጩን ስበህ ወዲያው ራስህን ቀና ብታደርግ ስሕተትህ በወረቀቱ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ትክክለኛ ጠመንጃ በ50 ሜትር ላይ ልምድ ባለው እጅ አምስት ጥይት በአንድ የብር ሳንቲም ስፋት ውስጥ ያሳርፋል፤ ያ ሲሆን የተበተነው ጥይት ሁሉ የአንተ ስሕተት ነው፤ መማርም የሚቻለው ያኔ ነው።

ትንሽ ነው ብለህ ግን እንዳትንቀው። የ22 ጥይት ከፍ ተደርጎ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል፤ ሰውን ይገድላል። ከዒላማህ በስተጀርባ ጥይቱን የሚውጥ የአፈር ቁልል ወይም የተራራ ገደል ሊኖር ይገባል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፊና ባዶ ስለሚመስል ለልምምድ የሚያስበው ወጣት አጋጥሞኛል፤ ድንጋይና ጠጠር የነካ ጥይት ወዴት እንደሚፈናጠር ማንም አያውቅም፤ በወንዙ ዳርና ዳርም ሰው ይኖራል። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ የወጣ ጥይት በአንድ ሰው ጣራ ወይም ራስ ላይ ይወርዳል፤ ይህን ልማድ አንተ እንዳትቀጥለው አደራ እልሃለሁ።

ከ22 ዓይነቶች ውስጥ ራሱን የሚያጎርሰውን ለመጀመሪያ አልመርጥልህም፤ ስመ ጥሩውን ሩገር 10/22 ጨምሮ። አንድ በአንድ በእጅ የሚጎርስ ወይም ትንሽ ካዝና ኖሮት መዝጊያውን በእጅ የምትጎትተው ይሁን፤ በየተኩሱ መካከል ያለችው አጭር ዕረፍት እንድትተነፍስና የሠራኸውን እንድታስብ ታስገድድሃለች። የቼክ አገሩ ሲዜድ ለጀማሪም ለነባርም የሚበቃ ጠንካራ ጠመንጃ ይሠራል፤ የጀርመኑ አንሹትዝ ለውድድር የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን ለመጀመሪያ አያስፈልግህም። የፋብሪካው ስም ከልኩ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ስለ ልኩ እንናገር። ከሰደፉ ጫፍ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት በብዙ ጠመንጃዎች 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ለአማካይ የአውሮፓ ሰው የተሠራ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም ካረጋገጥህ በኋላ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ትከሻህ አምጣውና ጉንጭህን በሰደፉ ላይ አሳርፈህ ዓይንህን ግለጥ። ልክህ ከሆነ የኋላና የፊት ማነጣጠሪያው ያለ ምንም ፍለጋ በአንድ መስመር ይታዩሃል፤ በአፍንጫህና በአውራ ጣትህ መካከልም ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኖራል። አንገትህን መዘርጋት ካስፈለገህ ሰደፉ ረዝሟል፤ አውራ ጣትህ አፍንጫህን ከነካ አጥሯል። ረጅሙን ሰደፍ የእንጨት ሠራተኛ ሊያሳጥረው ስለሚችል ከአጭሩ ይልቅ ለማረም ይቀላል። ክብደቱ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ቢሆን ይበቃል፤ በጣም ቀላል ጠመንጃ በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በጣም ከባዱም ክንድን ያዝላል። ምላጩ ደግሞ ሳይንቀራፈፍ በአንድ ጊዜ የሚለቅ፣ ከአንድ ኪሎ እስከ ሁለት ኪሎ በሚደርስ ጫና የሚሳብ ይሁን።

የትኛው ዓይንህ እንደሚመራም እወቅ። ሁለት እጅህን ዘርግተህ በመዳፎችህ መካከል ትንሽ ቀዳዳ አብጅ፤ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ አንድ ነገር፣ የመስጊድ ሚናራ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ በሁለቱም ዓይንህ ተመልከት፤ ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍን። ያየኸው ነገር ሳይጠፋ የሚታይህ በተከፈተው ዓይን ከሆነ፣ መሪው እሱ ነው። ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚመራ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት በግራ ትከሻው መተኮስን ቢማር ኋላ ከብዙ ድካም ይድናል፤ መዝጊያው በግራ የሚጎተት ጠመንጃ ማግኘት ግን ያስቸግራል፤ ከመግዛትህ በፊት ማወቅህ ስለዚህ ይጠቅማል።

በጠመንጃው ላይ የሚገጠመውን አጉሊ መነጽር ለጊዜው ተወው። ባለ ሁለት ነጥብ ግልጽ ማነጣጠሪያ ጉንጭህን በትክክል ካላሳረፍህ ወዲያው ያስታውቅሃል፤ አጉሊ መነጽር ግን የአቀማመጥ ስሕተትን ይታገሣል፤ አንተም ሳታርመው ታድጋለህ።

ለ22 ፈቃድ ሳታገኝ ብትቆይ ወይም ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የማይገኝ ከሆነ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ከምንም ይበልጣል፤ በእሱም ላይ ቢሆን ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ በዚያው ማመልከቻ ጠይቅ። የኦሎምፒኩ የ10 ሜትር ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ነው፤ የመሐሉ አሥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ነጥብ ናት። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውንም ጠመንጃ ከመምረጥህ በፊት «ጥይቱን ማን፣ በምን ወረቀት ይሸጥልኛል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድም።

አደኑን በተመለከተ፣ 22 ለጥንቸል እንጂ ለድኩላ አይሆንም። በትንሽ ጥይት የቆሰለ እንስሳ ጫካ ገብቶ ሦስት ቀን ሲማቅቅ ከርሞ ጅብ ያገኘዋል፤ ይህን የፈጸመ ሰው አዳኝ ሊባል አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ተኩስን ከተማርክ በኋላ፣ የአደን ፈቃድም ካገኘህ፣ ለድኩላና ለከርከሮ የሚበቃህ 243 ወይም 308 ካሊበር ነው፤ ከሁለቱ 243 በርግጫው ለስለስ ይላል። ለጅግራና ለቆቅ ደግሞ የእርሳስ እህል የሚረጨው ሾትጋን ነው፤ 12 ቁጥር ከ20 ቁጥር ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይተልቃልና እንዳትሳሳት፤ ለጀማሪ 20 ቁጥር ይበቃል። ከ35 ሜትር በላይ ባለ ወፍ ላይ ግን እንዳትተኩስ። እኔ ተማሪዎቼን ወደ ትልቁ ጠመንጃ የማሸጋግርበት መለኪያ አንድ ነው፤ ተቀምጠህ ያለ ድጋፍ በ50 ሜትር ላይ አምስት ጥይት በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ስፋት ውስጥ፣ በአሥር የተለያዩ ቀናት፣ ሳታቋርጥ ማሳረፍ ስትችል ነው። አብዛኛው ሰው ለዚህ ስድስት ወር ያስፈልገዋል።

ስለ ድሬዳዋ ጥቂት ልጨምር። በማለዳ ተኩስ፤ ረፋድ ላይ ከመሬቱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ዒላማው በዓይንህ ፊት ይዋኛል። ጥይትህን በመኪና ውስጥ ወይም በፀሐይ ላይ አታስቀምጥ፤ የጋለ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል። አቧራው ብዙ ስለሆነ ዘይት አታብዛ፤ ዘይትና አሸዋ ሲደባለቁ ብረትን እንደ ሞረድ ይፍቃሉ። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ወደ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ብትወጣ በ50 ሜትር ተኩስ ላይ የምታየው ለውጥ አይኖርም፤ ስለዚያ የሚነግሩህን አትስማ። ጫት ቅመህ ግን ጠመንጃ አትንካ፤ ይህን የምለው አካባቢያችንን በማወቅ ነው። ጫት የልብን ምት ይጨምራል፤ የልብ ምት ደግሞ በ22 ማነጣጠሪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሁሉ የከፋው ሰውየው ለራሱ የረጋ መስሎ መታየቱ ነው። ጆሮህንም አትርሳ፤ የ22 ድምፅ እንኳ ከአፈሙዙ አጠገብ 140 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ ናቸው፤ የጠፋ መስማት አይመለስም። የጆሮ መሸፈኛና የዓይን መነጽር ከጠመንጃው ጋር በአንድ ቀን ይገዙ።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶውን በተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ከተማችን የጎረቤት ልጅ የአንተም ቤት ልጅ ነው። በባዶ ጠመንጃ ቤት ውስጥ ምላጭ እየሳቡ መለማመድ በጣም ይጠቅማል፤ የ22 መርፌ ግን የሚመታው የቀለሁን ጠርዝ ስለሆነ፣ ጥይት በሌለበት ሲመታ የበርሜሉን ጠርዝ ሊጎዳው ይችላል፤ ለዚሁ የተሠራ የልምምድ ቀለህ ተጠቀም። ልምምዱንም ጥይቱን ሌላ ክፍል ውስጥ ቆልፈህ፣ አፈሙዙን ወደ ወፍራም ግድግዳ አዙረህ አድርገው። «ባዶ ነው» ሲባል በባረቀ ጠመንጃ እግሩን ያጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ባዶ ነው ያለውም እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መዝጊያው ሳይከፈት የሚቀበልም የሚሰጥም ተማሪ የለኝም፤ አንተም ከሻጭ እጅ ስትቀበል እንዲሁ አድርግ፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ይለው።

ያገለገለ ጠመንጃ የምትገዛ ከሆነ መዝጊያውን አውጥተህ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት፤ በውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለታም ሆነው መታየት አለባቸው። የአፈሙዙን ጠርዝ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጭረት ካለበት ጥይቱ ከዚያ ሲወጣ ይዛነፋል። መለያ ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተቀይሮ ካየህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተህ ሂድ።

ለተጨማሪ ምክር የትኛው ዓይንህ እንደሚመራ፣ ከክርንህ መታጠፊያ እስከ አመልካች ጣትህ የመጀመሪያ አንጓ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ፖሊስም በማመልከቻህ ላይ የሰጠህን መልስ ጻፍልኝ። የአባትህን ጠመንጃ ፖሊስ አይቶ ከፈቀደ በኋላ በበርሜሉ ግርጌ የተቀረጸውን ጽሑፍና ምልክት ገልብጠህ ላክልኝ፤ የየትኛው ጥይት እንደሆነና ለጠጋኙ ምን ምን እንዲለካ መንገር እንዳለብህ ያኔ በዝርዝር እጽፍልሃለሁ።